ከመንገዱ ማዶ የነበሩት እማማ ጥሩነሽ

ባለፈው ሰሞን ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ገብቼ ወጣቱን ሻጭ አስደነገጥኩት። ለጓደኛዬ ልጅ ሠርግ የጆሮ ጌጥ ልገዛ ነበር። ገና በሩን ስገፋ ከጓዳ፣ ከመሥሪያው በኩል፣ ወርቅ ተግሎ አሲድ ውስጥ ሲነከር የሚወጣው ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ መጣና ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አቆመኝ። "ስንት ካራት ነው?" አልኩት ልጁን። ማጉያውን ፍለጋ አንዱን መሳቢያ ከፍቶ ሌላውን ሲዘጋ ጊዜ "ወዲህ በለው" ብዬ ተቀበልኩት። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቀልኩ፣ ጌጡን አፍንጫዬ ጋ አስጠጋሁ፣ ከጤፍ ብዙም የማትበልጠውን የካራት ማህተም አነበብኩለት።

"እንዴ እትዬ! ያለ ማጉያ?"

"የኔ ልጅ፣ እኔ ማጉያው አብሮኝ ነው የተወለደው።"

ጉራ አይደለም። እሺ፣ ጉራ ነው፤ ግን እውነትም ነው። እኩዮቼ ስልክ ሲደወልላቸው የደዋዩን ስም ለማንበብ ክንዳቸው እስኪያልቅ ያርቁታል። እኔ መነጽሬን አውልቄ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለችውን የጉንዳን እግር የምታክል ጽሑፍ አነባለሁ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ መነጽሬን በሰቀልኩ ቁጥር ሻጩ ከባንኮኒው ማዶ ሸሚዝ የለበሰ ጭጋግ ይሆናል።

ቅርቡን የሚያይ፣ ሩቁን የማያይ ዓይን ነው ያለኝ። ሰፈራችን ውስጥ ልጁ መነጽር የታዘዘላት ወላጅ ሁሉ ከሐኪሙ ቀጥሎ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ቴሌቪዥን ነው ወይ ያመጣባት? ስልክ ነው? ዘር ነው? እየባሰ ነው የሚሄደው? መነጽሩ ዓይኗን አያሰንፈውም? ዲግሪ የለኝም፤ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። የትምህርቱን ዋና ክፍል ግን የጨረስኩት አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። አስተማሪዬም እማማ ጥሩነሽ ነበሩ፤ ሳያውቁት።

ያኔ ቤታችን ከጊዮርጊስ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ነበር። አባቴ ሁሴን ወርቅ ሠሪ ነው፤ ከደሴ መጥቶ እዚሁ የቀረ። እናቴ ዘሀራም የደሴ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ እናትም እህትም የላትም። ያሏት እማማ ጥሩነሽ ናቸው። የጎን ጎረቤታችን ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ የጊዮርጊስን ማኅበር የማያስታጉሉ ሴትዮ። በሁለታችን ግቢ መሃል ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይ አንድ በር ተቆርጦ ነበር። መቀርቀሪያ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር፤ ተዘግቶ አይቼው አላውቅማ።

እኔ ስወለድ እናቴን ከኋላ ደግፈው የያዟት፣ ያረሷትም እሳቸው ናቸው። ከእኔ በኋላ እናቴ ፅንስ አልቆይ ብሏት ብዙ ተቸገረች። በዚያ ዓመት ግን ቆየ፤ ሆዷ ገፋ። ቀኑ ሲቃረብ ፍርሃቷም አብሮ ገፋ። "እማማ ጥሩነሽ አጠገቤ ካሉ አልፈራም" ትላለች። "እሳቸው ከሌሉ ግን ወላሂ አልወልድም፤ እንደያዝኩት እቀመጣለሁ።" እኔ ይህንን እንዳለ ነው የወሰድኩት። እማማ ጥሩነሽ ካልመጡ ሕፃኑ እዚያው ተቀምጦ እንደሚያድግና እናቴ ዕድሜ ልኳን ሆዷን ይዛ እንደምትዞር አምን ነበር።

እንግዲህ ዓለም ለእኔ ብቻ ጭጋግ መሆኗን በምን ልወቅ? ሰው ሁሉ እንደኔ የሚያይ ነበር የሚመስለኝ። ትልልቅ ሰዎች ከሩቅ "ያው እከሌ መጣ" ሲሉ ስሰማ፣ ሩቅ ማየት እንደ ጺምና እንደ ሽበት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነገር ነው ብዬ ተራዬን እጠብቃለሁ። ትምህርት ቤቴ ወደ አፍንጮ በር በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት እንዳይረሱት ለራሳቸው ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ያን ያህል የሚረሱ ሰው መሆናቸው ያሳዝነኝ ነበር። እኔ በጆሮዬ እሰማለሁ፣ እይዛለሁ፣ ከክፍሉ ሁለተኛ እወጣለሁ። አንደኛ የምትወጣው ልጅ ሰሌዳውን እያየች ነው፤ እሱ ደግሞ ምን ጉብዝና ነው!

ከትምህርት መልስ አባቴ ሱቅ ጎራ እላለሁ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ አሮጌ ቀለበት ይዛ መጣች። አባቴ ማጉያው ጠፍቶት ባንኮኒው ሥር ሲፈልግ እኔ ቀለበቱን አንስቼ ማህተሙን አነበብኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ ሰጠኝ። አነበብኩ። ከነጭርሱ የተፋቀች ማህተም ሰጠኝ። እሷንም አነበብኩ።

"ያ ረቢ!" አለ አባቴ። "ልጅ ወልጃለሁ ስል ለካ ጭልፊት ነው የወለድኩት!"

ከዚያ ወዲያ ማጉያው ሥራ ፈታ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር "ቆዩ ጭልፊቷ ትምጣ" ይላል። የጎረቤት ወርቅ ሠሪዎችም ይልኩብኛል። በአራዳ እንደ ሁሴን ልጅ የሚያይ ዓይን የለም ተባለ። ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ደረቴን ነፍቼ ስሄድ ነው ከመብራት እንጨት ጋር የምላተመው።

በዚያው መስከረም አባቴ ቴሌቪዥን ገዛ። ማታ ማታ ሰፈሩ ሳሎናችንን ይሞላዋል፤ እኔ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ እቀመጣለሁ። "አንቺ ልጅ፣ አባትሽ መስታወት ሠሪ ነው እንዴ? ጋረድሽን እኮ!" ይላሉ ከኋላ። እነሱ ለምን ያን ያህል ርቀው እንደሚቀመጡ ሊገባኝ አልቻለም። ይሉኝታ መስሎኝ ነበር። "ጠጋ በሉ እንጂ፣ ቤታችሁ ነው" እላቸው ነበር።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ።

ክረምቱን እማማ ጥሩነሽ የሚቀመጡት ደጃቸው ላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ነበር። ከዝናብ ስሸሽ በዚያው ክፈፍ ሥር ስለማልፍ ጉልበታቸው ላይ ነው የምወድቀው። ጉንጬን አገላብጠው ይስሙኛል፤ ከመቀነታቸው ፈትተው ቆሎ ያስጨብጡኛል። መስከረም ጠባ፤ ፀሐይ ወጣች። እማማ ጥሩነሽም ወንበራቸውን አንስተው መንገዱን ተሻገሩና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምትመታው ግድግዳ ሥር ሄዱ። ግድግዳው በነጭ ኖራ የተቀባ፤ እሳቸው ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ። እኔ ምን አውቄ? ደጃቸው ባዶ ስለሆነብኝ እማማ ዘንድሮ ቤት መዋል አበዙ ብዬ አልፋለሁ።

እሳቸው ከማዶ እጃቸውን ያነሱልኛል። እኔ ወደዚያ እዞራለሁ፣ አያለሁ፣ እሄዳለሁ። በየቀኑ።

አንድ ቀን ከሰዓት ከአጥሩ በር ላይ ድምፃቸውን ሰማሁ።

"ዘሀራ፣ ልጅሽን ምን በድያት ነው?"

"ምነው እማማ?" አለች እናቴ።

"ከትምህርት ቤት ስትመለስ እጄን አነሳላታለሁ። አየት ታደርገኝና እልፍ ትላለች። ጓዳዬ ስትመጣ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ነው የምትስመኝ። ሰው ባለበት ነው የማሳፍራት?"

"ኧረ በአላህ! አላየችዎት ይሆናል እንጂ።"

"ማን? ጭልፊቷ?" አሉ እማማ ጥሩነሽ። "የቀለበት ፊደል የምትለቅም ልጅ እኔን የማክል አሮጊት አጣችኝ?" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመሩበት። "ቴሌቪዥኑ ከገባ ወዲህ ነው።"

እናቴ ስትገባ ጆሮዬን ይዛ ነው የገባችው።

"እማማ ጥሩነሽን ለምንድን ነው የማትሰላሚያቸው?"

"ደጃፋቸው ላይ የሉም!"

"ማዶ ናቸው!"

"ማዶም የሉም!"

"እሳቸውን ነው ውሸታም የምታደርጊያቸው? ስሚኝ፣ ከእንግዲህ የቆመ ነገር ሁሉ ሰላም በይ! የተቀመጠም! አንድ ሰው ቢያመልጥሽ ወዮልሽ!"

እኔ ታዛዥ ልጅ ነኝ። በማግስቱ ጀመርኩ። ከትምህርት ቤት እስከ ቤቴ ቀጥ ያለ ጥላ ባየሁ ቁጥር ጎንበስ እላለሁ። የመብራት እንጨት ሰላም ብያለሁ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካፖርት ሰላም ብያለሁ። አንድ ልብስ ቤት ደጃፍ ላይ ሙሉ ልብስ ለብሶ የቆመውን አሻንጉሊት "ጋሼ እንደምን ዋሉ፣ ልጆች ደህና ናቸው?" ብዬዋለሁ። ስላልመለሰልኝ ኩራተኛ ሰውዬ ነው ብዬ ተቀይሜዋለሁ። የልብስ ቤቱ ባለቤት አይቶኝ ኖሮ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። "የሁሴን ልጅ ሰላምታችን ላይ እያሾፈች ነው" ተባለ። አያችሁ አይደል፣ ባልሰላም ኮራች፣ ብሰላም አሾፈች።

ከሁሉ የባሰው ግን የወንበሩ ነው። እማማ ጥሩነሽ አንድ ቀን ነጠላቸውን አጥበው ማዶ ባለው ወንበራቸው መደገፊያ ላይ ዘርግተውት ወደ ቤት ገብተዋል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዓይኔን አጥብቤ ወደ ግድግዳው ሳይ፣ ወንበሩ ላይ ነጭ ነገር! እሰይ፣ እማማን አገኘኋቸው! መንገዱን ሮጬ ተሻገርኩ፤ ከዚያ ጨዋ ልጅ እንደሚያደርገው አንገቴን ደፋሁና መሬት መሬት እያየሁ ጀመርኩ።

"እንደምን ዋሉ እማማ? ጤናዎት እንዴት ነው? ወገብዎን ተሻለዎት?"

ዝም።

ተቀይመዋል ማለት ነው። የበለጠ አጎነበስኩ። "እማማ፣ በጣም ናፍቀውኛል። የት ጠፍተው ነው? ያለ እርስዎ ቤቱ አያምርም" አልኩ። ይሄን ከለቅሶ ቤት ነው የሰማሁት፤ ትልቅ ሰው ሲለው ደስ ይል ነበር። ከዚያ ጉልበታቸውን ልስም ጠጋ ስል ከንፈሬ እንጨት ነካ።

ቀና አልኩ። እማማ ጥሩነሽ ከመንገዱ ወዲያ፣ ደጃቸው ላይ ቆመው እየጮሁ ነበር።

"በቁሜ! ኧረ የሰፈር ሰው፣ በቁሜ ተለቀሰልኝ! ባዶ ወንበሬን ተሰናበተችው!"

በዚያን ቀን ነው የአጥሩ በር መቀርቀሪያ እንዳለው ያወቅኩት። ድምፁን ሰማሁት፤ ቀጭ።

ከዚያ በኋላ እናቴ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ያን የተዘጋ በር ታያለች። አባቴ ሄዶ አንኳኳ፤ አልተከፈተለትም። እናቴ ራሷ ሄዳ "እማማ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?" አለች። "አንቺማ ምንም፤ ያሳደግሻት ግን አንቺ ነሽ" የሚል ከውስጥ መጣ። እናቴ ተመልሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እኔ ደግሞ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፤ ሕፃኑ አሁን በምን ይወጣል? ሆዷ ጋ ጠጋ ብዬ "ትንሽ ቆይ፣ እየታረቅን ነው" ብዬዋለሁ።

ሽማግሌ የሆኑት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወንድሙ ነበሩ። በአንድ እሑድ፣ እማማ ጥሩነሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቀው ግቢያቸው ውስጥ ሰበሰቡን። እማማ ጥሩነሽ በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ከሁለት የማኅበር ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። ሦስቱም ነጭ በነጭ። እኛ ከግቢው በር አጠገብ ቆመናል። እናቴ ቀስ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"ጥሩነሽ" አሉ ጋሽ ወንድሙ። "ልጅ ናት። ጥፋቷን ታውቃለች። ይቺ ሴት ደግሞ ዛሬ ነገ የምትባል ነፍሰ ጡር ናት። ልጅቷ ጉልበትሽን ስማ ይቅርታ ትጠይቅሽ፣ ይቅር በያት፣ በሩም ይከፈት።"

"ትምጣ" አሉ እማማ ጥሩነሽ።

ጋሽ ወንድሙ ጀርባዬን ገፋ አደረጉኝ። "ሂጂ የኔ ልጅ፣ የእማማን ጉልበት ሳሚ።"

ሄድኩ። ሦስት ነጭ ነገር። እማማ ጥሩነሽ ሁልጊዜ ወፈር ያሉ ናቸው፤ መሃል ያለችው ወፍራም ናት። አንገቴን ደፋሁ፣ ተንበረከኩ፣ ጉልበቷን አቅፌ ሳምኩ። "እማማ ጥሩነሽ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ፤ እንባዬም መጣ። "እናቴ እንድትወልድ ይምጡላት።"

"እኔ ጥሩነሽ አይደለሁም" አለች ወፍራሟ።

ግቢው ውስጥ አንድ ሰው "ኧረ የጉድ ልጅ!" አለ። አባቴ "ሰሚራ!" ብሎ ጮኸ። እናቴ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሁሉም ነገር አለቀ ብዬ እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ። የሆነ እጅ አገጬን ይዞ ወደ ጎን አዞረኝ። እማማ ጥሩነሽ ናቸው። አሁን ቅርብ ስለሆኑ አየኋቸው፤ ሽብሽባቸው፣ የአንገታቸው ንቅሳት፣ ሁሉም።

"እማማ!" አልኩና አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ።

ከዚያ አስለቀቁኝና ተነስተው ከበረንዳው ወረዱ፤ እስከ እናቴ ድረስ ሄዱና ዞሩ። ጣቶቻቸውን አነሱ።

"ሰሚ፣ ይሄ ስንት ነው?"

"ምኑ?"

"ጣቴ!"

"የታለ ጣትዎት?"

እማማ ጥሩነሽ እጃቸውን አወረዱ። "ወይ እኔ!" አሉ። "ወይ ጊዮርጊስ! ይቺ ልጅ እኮ አታይም!"

ከዚያ በኋላ ያለው ጫጫታ ነው። "እንዴት አታይም? ማህተም ያለ ማጉያ ታነባለች!" ይላል አባቴ። አንዷ "ቴሌቪዥኑ ነው ያጠፋት" ትላለች። ወፍራሟ "በፋኖስ ማንበብ ነው" ትላለች። አንዱ ካሮት አትበላም ይላል፤ አንዱ ዓይን በልቷት ነው ይላል። እማማ ጥሩነሽ ጠበል ይዣት ልሂድ አሉ። "ጠበሉም ይሁን፣ ዱዓውም ይሁን፣ ብቻ ሐኪም ይያት" አለች እናቴ። አባቴ ግን ከሁሉም ተለይቶ አጥሩ ሥር ቆሞ ነበር። "እኔ ነኝ" አለ። "ያን ሁሉ ጥቃቅን ነገር እያስነበብኩ ዓይኗን የጨረስኩት እኔ ነኝ።"

የአጥሩን በር የከፈተው ማን እንደሆነ አላውቅም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን በዚያ ነው የገባነው።

ሐኪሙ ዘንድ ሦስት ሆነን ሄድን፤ አባቴ፣ እኔና እማማ ጥሩነሽ። "እኔ ነኝ ያገኘሁባት፣ እኔም እሄዳለሁ" ብለው ነው። በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል ወረድን። ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ጎልማሳ ነበር። ፊደላት ያሉበት ሰሌዳ አሳየኝ፤ ሰሌዳ መሆኑን ነገረኝ ማለት ይሻላል። ዓይኔ ውስጥ መብራት እያበራ አየና ለአባቴ ነገሩን አስረዳው።

"ሲኒማ ቤት ገብተው ያውቃሉ? መጋረጃውን ወደ ኋላ ቢገፉት ፊልሙ ምን ይሆናል?"

"ይደበዝዛል" አለ አባቴ።

"የልጅዎ ዓይን እንዲሁ ነው። የዓይኗ ኳስ ከልክ ትንሽ ረዝማለች። የሩቁ ነገር መጋረጃው ጋ ሳይደርስ መሃል ላይ ይወድቃል። የቅርቡ ግን ልክ ይመጣላታል፤ ለዚህ ነው ማህተሙን የምታነበው።"

"ትታወርብኛለች?"

"አትታወርም። ቁመቷ ሲጨምር ዓይኗም አብሮ ሊረዝም ስለሚችል የመነጽሯ ቁጥር እየጨመረ ይሄድ ይሆናል፤ ሃያዎቹ ውስጥ ስትገባ አብዛኛውን ጊዜ ይረጋጋል። በየዓመቱ እያመጡ ያሳዩኝ።"

"መነጽሩ ዓይኗን አያሰንፈውም?" አሉ እማማ ጥሩነሽ።

"እናቴ፣ ጫማ ስላደረጉ እግርዎ ሰነፈ?"

እማማ ጥሩነሽ ጫማቸውን አዩና መልሱን ተቀበሉት።

"እኔ አይደለሁም እንግዲህ ያጠፋኋት? ወርቁን እያስነበብኩ?" አለ አባቴ።

"ቅርብ ለቅርብ ማፍጠጥ ሊያግዘው ይችላል፤ ዋናው ግን ከዘር የሚመጣ ነው። ከቤተሰብ መነጽር የሚያደርግ ሰው አለ?"

አባቴ ቀጥ አለ። "በእኛ ዘር መነጽር የሚባል ነገር የለም! ዓይናችን ምንም አይልም። እኔ ራሴ ይኸው ስንት ዘመን ወርቅ ስሠራ።"

"ጥሩ" አለ ሐኪሙ። "እስቲ ከዚያ ሰሌዳ ላይ ሁለተኛውን መስመር ያንብቡልኝ።"

"ከየትኛው ሰሌዳ?" አለ አባቴ።

እማማ ጥሩነሽ ቀስ ብለው ወደ አባቴ ዞሩ።

"ሁሴን። ባሌ በሞተ በሳምንቱ፣ ፖስታ ቤት መውረጃው ላይ ፊት ለፊት መጥተህ ያለፍከኝ..."

"እማማ?"

"አንድ ቃል ሳትናገረኝ። ለዘሀራ ስል ነው እንጂ ይኸው እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ።"

"ወላሂ አላየሁዎትም!" አለ አባቴ። ያኔ ደሴ ያሉት አባቱ ትዝ ብለውት ይሆናል፤ ወንድሞቹም፤ በሰፈራቸው "እነዚያ ኩሩዎቹ" የሚባሉ፣ በገበያ መሃል ዘመድ የማይሰላሙ። አውቶቡስ ሲመጣ ቁጥሩን ሁልጊዜ አጠገቡ ያለውን ሰው የሚጠይቀው አባቴ። ስንት ሰው ተቀይሞናል፣ ስንቱስ ጋብቻ ቀርቶብናል፣ የዓይን ኳሳችን ስለረዘመች! እማማ ጥሩነሽ መጀመሪያ ትንሽ ሳቁ፣ ቀጥሎ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፣ ሐኪሙም ሳቀ፣ በመጨረሻ አባቴም ሳቀ። እኔ ምን እንደተፈጠረ ባይገባኝም ከሁሉም በላይ ሳቅኩ።

አሁን ያሉት ሐኪሞች ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩበታል፤ ልጆችን ቀን ቀን ደጅ አውጧቸው፣ ብርሃን ይምታቸው ይላሉ፤ በልጅነት ደጅ መዋል ነገሩን ሊያዘገየው ይችላልና። ለሚጠይቀኝ ወላጅ ሁሉ ይሄንን እነግራለሁ። ካሮቱንም ያብሏቸው እላለሁ፤ መነጽሩን አያስወልቅም እንጂ ሰላጣ ላይ ያምራል።

የሁለታችን መነጽር በአንድ ቀን መጣ። የእኔ ቡኒ፣ ወፍራም፣ ከጆሮዬ ኋላ በላስቲክ የታሰረ። አባቴ የራሱን አድርጎ ከግቢው በር ላይ ቆመና በረንዳው ላይ ያለችውን እናቴን ሲያይ ቆየ።

"ዘሀራ፣ እንዲህ ነሽ እንዴ?"

"እንዴት ነኝ?"

"ከሩቅም ታምሪያለሽ!"

"አውልቀው ሰውዬ፣ ሰው ይሰማል!" አለች፤ ግን ሻሽዋን አስተካከለች።

እኔ ደግሞ ዛፍ ቅጠል እንዳለው አየሁ። አንድ ትልቅ አረንጓዴ ነገር ነበር የሚመስለኝ። ትምህርት ቤት ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ ለእኛ የተጻፈ መሆኑን ደረስኩበት፤ መምህራችንን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ልጆቹ "አራት ዓይን!" ብለው ሲጮሁብኝ "ሁለቱን ላበድርህ?" እላቸው ነበር። ከሰዓት ስመለስም ከማዶ፣ ከነጩ ግድግዳ ሥር፣ አንድ እጅ ሲነሳ አየሁ። ከእጁ ኋላ እማማ ጥሩነሽ ነበሩ፤ ገና ከሩቅ እየሳቁ። በየቀኑ እንዲህ ሲስቁልኝ ኖረዋል ማለት ነው።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እናቴን ምጥ ያዛት። እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አደግድገው በአጥሩ በር ገቡ፤ ከጤና ጣቢያ አዋላጇን አስጠሩ፤ አባቴንና እኔን አባረሩን። "እናንተ ማዶ! እስክጠራችሁ ድርስ እንዳትሉ!" መንገዱን ተሻግረን ነጩ ግድግዳ ሥር ቆምን። የአባቴ እጅ ፀጉር የሚያህል የወርቅ ክር ሲይዝ የማይስት እጅ ነው። ያን ቀን የኮቱን ቁልፍ እንኳ ከቀዳዳው ማስገባት አቃተው።

"አባዬ፣ እማማ ጥሩነሽ መጥተውላታል አይደል? እንግዲህ ትወልዳለች አይደል?"

"ኢንሻአላህ" አለ። "ኢንሻአላህ።"

ጊዜው ሄደ። ከቤት ውስጥ የእናቴ ድምፅ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ቀረ። አባቴ ቁርዓን ይቀራል፣ ያቋርጣል፣ እንደገና ይጀምራል። መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ይጠርጋል፤ እንደገና ያደርጋል፤ እንደገና ይጨፈግግበታል።

በራችን ተከፈተ። እማማ ጥሩነሽ ወጡ። ድምፅ አላሰሙም፤ መዝጊያውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። በመሃላችን መንገዱ አለ፤ መኪና ያልፋል፣ ሰው ያልፋል። ከወር በፊት ቢሆን አንድ ነጭ ነገር ነበር የማየው። ያን ቀን ፊታቸውን አየሁ። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ እየወረደ ነው፤ አፋቸው ግን እስከ መጨረሻው ጥርስ ተከፍቷል። እያለቀሰ የሚስቅ ሰው ምን እያለ እንደሆነ ማንም አላስተማረኝም። ከዚያ ሆኜ አነበብኩት።

"አባዬ፣ እማዬ ደህና ናት" አልኩ።

"ማን ነገረሽ?" መነጽሩ በእንባ ጨፍግጎ ምንም አያይም።

"እማማ ጥሩነሽ።"

"ምንም አላሉም እኮ!"

"ፊታቸውን አየሁት እኮ!"

እልልታው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ሰፈሩ በእልልታው ነው የሰማው፤ እኔ ቀደም ብዬ ነው ያወቅኩት። እስከ ዛሬ የምኮራበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ስንገባ እናቴ ትራስ ተደግፋ፣ ላብ በላብ ሆና ትስቃለች። እማማ ጥሩነሽ በጨርቅ የተጠቀለለችውን እህቴን ይዘው ጎንበስ አሉልኝ።

"ጠጋ በይያት" አሉኝ። "ሕፃን ከክንድ ወዲያ አያይም።"

መነጽሬ እየተንሸራተተ ፊቷ ድረስ ጠጋሁ። "አሰላሙ አለይኩም" አልኳት፤ በሥነ ሥርዓት። እህቴ ዓይኗን ገለጠች፣ በእኔ በኩል አሳልፋ የሆነ ነገር አየች፣ አዛጋችና ጨፈነች።

"አየሻት? ዘጋችሽ እኮ!" አሉ እማማ ጥሩነሽ እየሳቁ።

"ስላላየችኝ ነው" አልኳቸው። "ነገም ሰላም እላታለሁ።"